የሽማግሌዎቹ መኪናና የእትዬ የሺ ብቅል

ዕድሜዬን በመንግሥት ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። በጎንደር ከተማ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት፣ በዕቅድና ክትትል ክፍል ውስጥ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ባልደረቦቼ ባዘጋጁልኝ ግብዣ ላይ አንደኛው ተነሥቶ «እሳቸው ያላቀዱት ዝናብ እንኳ ጎንደር ላይ ዘንቦ አያውቅም» ሲል ሰውን ሁሉ አሳቀ። ሌሎቹ ቀልድ ነው ብለው ሳቁ፤ እኔ ግን እንደ ምስጋና ተቀብዬ ወደ ቤቴ ይዤው ሄድኩ። ዛሬ ለእናንተ ለአንባቢዎቼ የምተርክላችሁ፣ ያ ምስጋና ከእጄ የወጣበትን ጉዞ ነው።

የምኖረው ፀዳ ነው። ልጆቼ ተባብረው በኤሌክትሪክ የምትሄድ ትንሽ መኪና ገዙልኝ። የሰፈራችን መብራት መጥፋት ሲጀምር የማያባራ በመሆኑ፣ እኔ በበኩሌ ሶላር አስመጥቼ በግቢዬ ባለው የሰርቪስ ቤት ጣሪያ ላይ አስተከልኩ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ በአጭር መሰላል ይደረስበታል። በየማለዳው እየወጣሁ መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ። የጥር ፀሐይ ሲሆን፣ ባዶ የሆነች መኪና በሁለት ቀን ውስጥ ሙሉ ትሆናለች። ከነዳጅ ማደያም፣ ከመብራት ኃይልም፣ ከማንም ደጅ አልቆምም ማለት ነው። ይህን ለሰው በአፌ አልተናገርኩትም። ሆኖም ቤንዚን ጠፍቶ መኪናው ሁሉ ተሰልፎ በሚውልበት ሰሞን፣ በማደያው አጠገብ ሳልፍ ፍጥነቴን ቀነስ አደርግ እንደነበር ባለቤቴ በላይነሽ ለብዙ ሰው ነግራለች። መንገዱ ስለሚጨናነቅ ነው።

ጎረቤቴና የጡረታ ጓደኛዬ አያ አዱኛ ለዚህች መኪና ያልሰጣት ስም የለም። ገና በሩን ከፍቼ ስወጣ «ማኪናህ ዛሬ ቁርሷን በላች? ወይስ ደመና ነውና ጾሟን ናት?» ይለኛል። እኔም በቁጥር እመልስለት ነበር። በቁጥር ሲመለስለት ደግሞ የባሰ ይስቃል።

ጉዳዩ የተጀመረው ልጄ ኤልያስ ለማግባት ባሰበ ጊዜ ነው። ልጅቷ ስመኝ ትባላለች፤ እዚሁ ጎንደር ነርስ ናት። አባቷ አያ ሞገስ ከዳባት ከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩ፣ በእርሻቸውም በቃላቸውም የተከበሩ ሰው ናቸው። እንደ ወጉ ሦስት ሽማግሌዎች ላክን፤ የነፍስ አባታችን መምሬ ላቀው፣ አያ አዱኛና የዕድራችን ዳኛ ነበሩ። አያ ሞገስ በመጀመሪያው ጊዜ ሽማግሌዎቹን ሳያስቀምጡ፣ ዘመድ እስኪያማክሩና ሰባት ቤት እስኪቆጥሩ ድረስ ጊዜ እንደሚፈልጉ ነግረው፣ የመልሱን ቀን ቆርጠው አሰናበቱ። ቀኑ ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነበር። ቀጠሮ የማያከብር ወገን ሁለተኛ ደጄን አይረግጥም ማለታቸውንም ሽማግሌዎቹ ነገሩኝ።

ለዚያ ቀን የተኮናተርነው ሚኒባስ ቤንዚን አጣ። ሌላም ፈልገን አላገኘንም። የቀረችው የእኔ መኪና ብቻ ነበረች፤ እርሷን የሚነዳውም እኔ ብቻ ነበርኩ። እዚህ ላይ ወጉ አስቸገረን፤ የልጁ አባት ከሽማግሌ ጋር አብሮ ሄዶ ልጅ አይጠይቅም። ተመካክረን አንድ ነገር ወሰንን። ሾፌር ሆኜ እሄዳለሁ፤ ከመኪናው አልወርድም፤ ቃል አልናገርም። አያ አዱኛ በዚህ ውሳኔ እጅግ ተደሰተ። «ዝም እንድትል ያደረገህ ይህ ሙሽርነት የተባረከ ነው» አለኝ።

የጉዞውን ዕቅድ በጥንቃቄ ሠራሁ። ኮሶዬ ድረስ ያለውን ዳገት፣ የአምስት ያህል ሰው የሚመዝነውን የሽማግሌዎቹን ጋቢና ከዘራ ጭምር አሰብኩ። መኪናዋ ሙሉ ከሆነች ደርሳ ትመለሳለች። በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ እስከ ግማሽ ሞላኋት። በማግስቱ ገመዱን ሰክቼ አዘዞ ለቅሶ ለመድረስ ወጣሁ። ማታ ስመለስ መለኪያው ያው ግማሹ ላይ ነው። ንቅንቅ አላለም። የሰፈሩ መብራት እንደሆነ ከጠፋ ሰንብቷል።

ቀኑን ሙሉ ደመና አልነበረም። ገመዱን መረመርኩ፤ ደህና ነው። መሰላሉን ይዤ ወጣሁ። መስታወቱ በፍሬሙ ጥግ ጥግ ላይ ሥር ያበቀለች ገብስ ይዟል። አንዷን በጣቴ አንሥቼ ወረድኩ።

እትዬ የሺ የባለቤቴ ታላቅ እኅት ናቸው። ከወገራ የመጡት፣ ባለቤቴ እንዳለችኝ ከሆነ፣ እንዲሁ ሊጠይቁን ነበር።

«እትዬ የሺ፣ ዛሬ ጣሪያው ላይ የወጣ ሰው ነበር?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ የወጣሁ። ምነው?»

«ምን ሊያደርጉ?»

«ብቅል ላሰጣ ነዋ። እንዲህ ያለ ሸጋ ማስጫ የት ይገኛል ብለህ ነው? ይሞቃል፣ ዶሮ አይደርስበት፣ አቧራ የለው። በየጠዋቱ ወጥተህ ስትወለውለው እያየሁ፣ ይሄ ሰው ለልጁ ድግስ እንዴት ቢያስብ ነው እያልኩ ስመርቅህ ነው የከረምኩ።»

በላይነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን አዞረች። ገና «እሺ» ሳይባል ለድግስ መዘጋጀት ነውር መሆኑን፣ ይህ አያ ሞገስ ጆሮ ቢደርስ ንቀት ተብሎ እንደሚቆጠር በረጋ አነጋገር አስረዳኋቸው። ባለቤቴ ጠላ ገና እንዳልተጠነሰሰ፣ ብቅል ደግሞ ብቅል እንጂ ጠላ እንዳልሆነ መለሰችልኝ። እትዬ የሺ በበኩላቸው ብቅሉን ሊያሳዩኝ ቁና ሙሉ ይዘው መጡ። በእውነቱ ብቅሉ በሚገባ ደርቋል። የእኔ ሶላር ከተተከለ ወዲህ እንዲህ የተሳካ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

በማግስቱ በጠዋት፣ የብቅሉን ነገር ለሽማግሌዎቹ ነግሬ፣ በግማሽ ኃይል ተነሣን። አዲሱ ዕቅዴ ዳባት ደርሰን፣ ሽማግሌዎቹ ሲነጋገሩ እኔ ከተማ ውስጥ ሆቴል ፈልጌ እየሞላሁ እንድቆይ ነበር። መምሬ ላቀው ከፊት ተቀመጡ፤ መለኪያውንም እንደ ሰዓት ያዩት ጀመር። የጎንደርን ከተማ አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ቁጥሩ በዓይናችን ፊት ይወርዳል። መምሬ ቁጥሩ በወረደ ቁጥር ዳዊታቸውን ፈጠን አድርገው ይደግማሉ። ብርዱ ቢበረታም ማሞቂያውን አላበራሁም። ኮሶዬ አጠገብ ከሁሉ የከበደው ዳገት ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ለጥቂት ጊዜ ወርደው በእግራቸው ቢሄዱ መልካም እንደሚሆን በትሕትና ጠየቅሁ። ወረዱ። በመስታወቴ ሳያቸው ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በእኔ መኪና ኋላ ቀስ ብለው ይራመዳሉ። በመንገዱ ዳር የሚሄዱ ገበያተኞች ቀብር መስሏቸው ቆመው አሳለፉን። አንዲት እናት ነጠላዋን አስተካክላ «ነፍስ ይማር» አለች። አያ አዱኛ መኪናዋን በከዘራው እያሳየ «አሜን፤ ገና አልወጣችም» ብሎ መለሰላት።

ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ያለው መንገድ ወደ ታች ሲያዘቀዝቅ ትንሽ ኃይል መለሰችልን። ያም ቢሆን ዳባት ስንደርስ በመለኪያው ላይ ኃይል ማለቁን የሚያስታውቅ፣ ኤሊ የመሰለ ምልክት በራ። የቀጠሮው ሰዓት ደርሷል፤ ሆቴል ፍለጋ የሚሆን ጊዜ አልነበረም። ወደ አያ ሞገስ መንደር ታጠፍን። መኪናዋ በኤሊው አካሄድ እየተሳበች፣ ልክ በግቢያቸው ካብ አጠገብ ስትደርስ ቀጥ አለች። እዚያ መቆም አልመረጥኩም፤ የመረጠችው እርሷ ናት። ከተቀመጥኩበት ሆኜ ግቢው ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ይታየኛል፤ ይሰማኛልም። ባርኔጣዬን ወደ ግንባሬ ዝቅ አደረግሁ።

ሽማግሌዎቹ ገብተው ቆሙ። አያ ሞገስ ረዘም ያሉ፣ ቀጭን፣ ሳይቸኩሉ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። የአክብሮት ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ መምሬ ጉዳዩን አነሡ። አያ ሞገስ ከሰሙ በኋላ፣ በልጁ እናት ወገን በኩል አንድ ቤት ሳይጣራ እንደቀረባቸው ገለጹና ጾሙ ሲፈታ እንዲመለሱ ነገሯቸው።

እንዲህ ያለው አነጋገር በእኛ አገር «አይሆንም» የሚባልበት የጨዋ መንገድ ነው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሌላ ወገን፣ ሌላ ሽማግሌ ይመጣል። ኤልያስ በዚያች ሰዓት ጎንደር ላይ ስልኩን በእጁ ይዞ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ።

ሽማግሌዎቹ እጅ ነሥተው ሊወጡ ሲሉ አያ አዱኛ ቆም አለ። መኪናዋ ኃይሏን ጨርሳ ከደጅ መቆሟን ነገራቸውና፣ ካላስቸገርን ከቤቱ መብራት ገመድ እንድንስብ ጠየቀ። አያ ሞገስ ወደ እኔ መጡ። መኪናዋን ዙሪያዋን አዩ።

«አንተ ሾፌር፣ ይቺ ማኪና መብራት ነው የምትበላ?»

ራሴን በመነቅነቅ ብቻ አዎን አልኩ።

«ትብላ፣ ምን ገዶኝ። ለእንግዳ መብራት አልከለክልም።»

ገመዱን በቤቱ መስኮት አስገባን። መብራት ነበር፤ መኪናዋ መሙላት ጀመረች። አያ ሞገስ እስከ መቼ ድረስ እንደምትቆይ ሲጠይቁ፣ አያ አዱኛ ወደ እኔ አየ። ቃል አልናገርም ብዬ ስለማልኩ እጄን ጉንጬ ሥር አድርጌ የእንቅልፍ ምልክት አሳየሁት።

«እስከ ነገ ጠዋት ነው፣ አያ ሞገስ» አለ አዱኛ።

ነገሩ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ገባቸው። ሽማግሌ ለጥያቄው ደህና መልስ ሳያገኝ በልጅቷ ቤት አይቀመጥም፤ እህል ውኃም አይቀምስም። እንግዳ ደግሞ፣ ያውም ካህን ያለበት እንግዳ፣ በአያ ሞገስ ደጅ ጦሙን አያድርም።

«እንግዲያ ግቡና እህል ቅመሱ» አሉ አያ ሞገስ።

መምሬ ላቀው አንገታቸውን ደፍተው ወጉ እንደማይፈቅድላቸው ገለጹ።

«ታዲያ የት ልታድሩ ነው?»

«ማኪናዋ ውስጥ እናድራለን። ጠባብ ናት እንጂ ደግ ናት» አለ አዱኛ።

«በዚህ ብርድ? መምሬን? አገሩ ምን ይለኛል?»

«ምን ይላል፤ አያ ሞገስ ሽማግሌ በብርድ ፈጁ ይላል እንጂ።»

አያ ሞገስ አዱኛን፣ ከዚያም ገመዱን፣ ከዚያም መኪናዋን አዩ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ጠቆረ።

«አሁን ገባኝ» አሉ። «ይቺን ማኪና ባዶዋን ያመጣችሁብኝ ሆን ብላችሁ ነው። እሺ እስክል በደጄ ልትተከሉብኝ። እኔ ሰባት ቤት የምቆጥረው ለይስሙላ አይደለም፤ ልጄ የምትገባበትን ቤት ልወቅ ብዬ ነው። ገና በመጀመሪያው ብልጠት የሚሠራ ቤት ልጄን አልሰድም።»

ለሁሉም መልስ የነበረው አዱኛ የከዘራውን ጫፍ ያይ ጀመር። ምን እንደያዘው ገባኝ። ብልጠት እንዳልሆነ ለማስረዳት ብቅሉን መናገር ያስፈልጋል። ብቅሉ ከተነገረ ደግሞ ያለ እሳቸው ፈቃድ ድግስ መጀመራችን ይታወቃል። አንዱ አታላይ ያሰኘናል፤ ሌላው ናቂ። መምሬ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የዕድሩ ዳኛ ዝም ለማለት የተፈጠረ ሰው ነው።

የመኪናዋን በር ከፍቼ ወረድኩ። ባርኔጣዬን አውልቄ ወደ ግቢው ገባሁ።

«አያ ሞገስ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልናገር።»

«ሾፌሩ አፍ አለው ለካ። አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

«ሾፌሩ ነኝ። የልጁም አባት ነኝ።»

አዱኛ «ተበላን» ብሎ በቀስታ ሲናገር ሰማሁት። አያ ሞገስ ግን አልተቆጡም፤ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከቱኝ።

«እርስዎስ በየትኛው ወግ ነው የመጡ?»

ቤንዚን መጥፋቱን፣ ከእኔ በቀር መኪናዋን የሚነዳ አለመኖሩን ነገርኳቸው። በሶላር እንደምትሞላ፣ ዕቅዴም ሙሉ ሆና ደርሳ እንድትመለስ እንደነበር አስረዳሁ። ለወትሮው እንዲህ ያለ ማብራሪያ ስሰጥ ሰው ያዛጋል፤ እርሳቸው በጥሞና ሰሙኝ።

«እና ምነው ባዶዋን ሆነች?»

«ፀሐዩን ብቅል ከለከለን።»

«የምን ብቅል?»

«የባለቤቴ እኅት በመስታወቱ ላይ ያሰጡት ብቅል።»

«ብቅል ለምን?»

«ለጠላ።»

«የምን ጠላ?»

በሥራ ዘመኔ ብዙ ተቆጣጣሪ ፊት ቆሜ ብዙ ጥያቄ መልሻለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን አንዱም ጠይቆኝ አያውቅም። ከአጠገቤ መምሬ «ልጄ» ሲሉ ሰማሁ፤ ተው ማለታቸው ይሁን በርታ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

«እርስዎ እሺ ካሉ ለሚደገሰው ድግስ» አልኩ።

«እሺ ሳልል?»

«እሺ ሳይሉ። ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ብልጠት አይደለም። ልጅዎን ስለወደዷት የሴቶቹ እጅ ቀደመ። ቢከፋዎ እኔን ይቆጡ፤ ልጆቹ የሚያውቁት ነገር የለም።»

አያ ሞገስ መሬት መሬቱን ያያሉ። ወደ እኛ የሚወጣው ቃል የልጄን ዕድል ይዞ እንደሚወጣ ሁላችንም አውቀን ቆመናል። በዚህ ጊዜ ከቤት ውስጥ፣ ከጓዳው በኩል፣ የሴት ድምፅ መጣ። የስመኝ እናት ወይዘሮ ጥሩ ነበሩ።

«ምነው አንተ ሰው፣ ሰዎቹን እንዲህ ታስጨንቃለህ? የኛስ ጥንስስ ጓዳ ውስጥ ሲፈላ አልሰማ ብሎህ ነው?»

አያ ሞገስ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ያን የጥምቀት ትራፊ ነው አላልሽኝም?»

«እንዳትቆጣ ብዬ ነዋ። ጥምቀት ካለፈ ስንት ጊዜው ነው? የጥምቀት ትራፊ እስከ ዛሬ ይፈላል?»

የአያ ሞገስ ትከሻ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቅ ነው። ሳቃቸውን ለመያዝ ታገሉ፤ አልቻሉም።

«ሰባት ቤት ስቆጥር የከረምኩ ለካ ብቻዬን ነው» አሉ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። ከዚያም ወደ መደቡ እጃቸውን ዘርግተው፣ የሄድንበትን ቃል ተናገሩ።

«በሉ ተቀመጡ።»

ሽማግሌ «ተቀመጡ» ከተባለ ነገሩ አልቋል። መምሬ ላቀው አባታችን ሆይ ደግመው መረቁ፤ የዕድሩ ዳኛ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ «እግዜር ይስጥልን» አለ። እኔ ወደ መኪናዬ ለመመለስ ስነሣ አያ ሞገስ ክንዴን ያዙኝ። «ሾፌሩም ይብላ» አሉ። ወይዘሮ ጥሩ ያቀረቡት ጠላ፣ ለጥምቀት ትራፊነቱ፣ እጅግ መልካም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ ጠግባ ነበር። አያ ሞገስን እስከ መታጠፊያው ድረስ አጠገቤ አስቀምጬ አሳፈርኳቸው። ድምፅ የሌላት መሆኗ አልተዋጠላቸውም፤ ሲወርዱ «ይቺ ሸጋ ናት፤ ግን ሰው ቤት ሳትታወቅ ትገባለች» አሉኝ።

ሠርጉ ጾሙ ሳይገባ ተደገሰ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ምን እንደተለወጠ ብትጠይቁኝ፣ ማቀድ አልተውኩም። ማቀድ መልካም ነው፤ አሁንም ጣሪያዬን በየማለዳው እወለውላለሁ። ብቅል የሚሰጣበትን ቀን ግን ከእትዬ የሺ ጋር አስቀድሜ እነጋገራለሁ። የተለወጠው ሌላ ነው። እኔ ያን ሶላር ያስተከልኩት ከማንም ደጅ ላለመቆም ነበር። መኪናዋ ሙሉ ሆና ብትሄድ ኖሮ ሽማግሌዎቼ ያን የጨዋ «አይሆንም» ይዘው፣ በተያዘላቸው ሰዓት፣ ያለ አንዳች ጉድለት ወደ ጎንደር ይመለሱ ነበር። ዕቅዴ ከመነሻ እስከ መድረሻ ይሳካ ነበር፤ ምራቴን ግን አላገኝም ነበር። አንድ የማላውቀው ሰው ደጅ ላይ መብራት ለምኜ ቆሜ ነው ዘመድ ያገኘሁት። ይህን በየትኛው የዕቅድ ሠንጠረዥ ውስጥ እንደማስገባው እስካሁን አላወቅሁም። አዱኛ ስለ እኔ ዕቅድ የሚቀልደው ቀልድ እንዳይቋረጥ ብዬ ይህን ለእርሱ አልነገርኩትም፤ እዚህ ሲያነበው ይቀልድበት።

ከሠርጉ በኋላ ለመልስ ግብዣው ዳባት ስንሄድ፣ መኪናዋን ያን ዕለት ቀጥ ባለችበት ካብ አጠገብ አቆምኩ። ከግቢው በር አጠገብ፣ በውጭ በኩል፣ ቀድሞ ያልነበረ ግንድ ተተክሏል። በግንዱ ላይ ሶኬት ተመትቷል፤ ከበላዩም ዝናብ እንዳያገኘው ከቆርቆሮ ቁራጭ የተሠራ ትንሽ ጣሪያ አለው። አያ ሞገስ ቆመው የእኔን ፊት ያያሉ። ስለ ግንዱ እርሳቸው አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ገመዴን አውጥቼ ሰካሁና ገባሁ።